ጉልበቱ ይቀየራል፣ በሽታው ይቀጥላል፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ ላለባቸው ሰዎች ስለሚደረግ የጉልበት ቅየራ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

የዛሬው ርዕሴ ሲታይ ጠባብ ይመስላል። ጉልበት አንድ መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበት ቅየራም በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩ የአጥንት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ይኸው ቀዶ ሕክምና ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለበት ሰው ላይ ሲደረግ፣ ጉልበቱ በዕድሜና በብዛት በመሥራት ባለቀበት ሰው ላይ ከሚደረገው ጋር በስም አንድ ሆኖ በይዘቱ ግን በብዙ ነገር ይለያል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራትና ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በመካከሉ ያለው የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ሥራ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ቅር ባይሉኝ፣ ከሁሉም ይበልጥ የተጠናና የታወቀ ክፍል ነው። ስለዚህ የጊዜዬን አብዛኛውን ለፊትና ለኋላው እሰጣለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ጉልበትን ምን እንደሚያደርገው እንመልከት። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የገዛ ራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከአዋቂው ሕዝብ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ በሚደርስ መጠን ያጠቃል። የጤነኛ ጉልበትን ክፍተት ከውስጥ የሚያለብስ፣ ጥቂት የሕዋስ ድርብ ብቻ ያለው ስስ ሽፋን አለ፤ ሥራውም መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። በዚህ በሽታ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ በአዳዲስ የደም ሥሮች ይሞላል፤ ከዚያም ከዳር ተነሥቶ የአጥንቱን ጫፍ በሚያለብሰው በልም አጥንቱ ላይ እየተሳበ ይበላዋል፣ ልም አጥንቱ ሲያልቅም ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። ቁጣው በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉትንም ጅማቶች አይምርም። አንዳንዶቹ ላልተው ጉልበቱ ይናወጣል፣ ሌሎቹ ተኮማትረው ጉልበቱ እንዳይዘረጋ ይይዙታል።

በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት መበላት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉልበቱ የውስጥ ጎን ሲሆን፣ የውጩ ጎን ለዓመታት ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የተጎዳውን ግማሽ ብቻ መቀየር አንዳንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን የውስጡን ጎን፣ የውጩን ጎንና ከጉልበት ሎሚው በስተጀርባ ያለውን ክፍል በአንድነት ስለሚያጠቃ ግማሽ ቅየራ ለዚህ በሽታ አይመረጥም፤ ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው ግማሽ ነገ በዚያው በሽታ መበላቱ አይቀርምና። የእግሩም አቋም ይለያል። በዕድሜ ያለቀ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ በዚህ በሽታ ግን ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ከእነርሱ በታች ያለው እግር ወደ ውጭ የሚከፈትበት ሁኔታ በብዛት ይታያል። አጥንቱም በቁጣው፣ ለዓመታት በተወሰደ ስቴሮይድ በተባለ ቁጣ አብራጅ መድኃኒትና በእንቅስቃሴ ማነስ ምክንያት የሳሳ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚገጥመውን ብረት የሚያሳርፈው በዚህ በሳሳ አጥንት ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል፤ ዛሬ የምንሠራው ለምን በዚህ መልክ እንደሆነ ያስረዳልና። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ቴሚስቶክለስ ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ለፈረሰ ጉልበት ከዝሆን ጥርስ የተሠራ መገጣጠሚያ ተክሎ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ቢሆንም ኢንፌክሽን አሸነፈው። እ.ኤ.አ. በ1951 ስዊድናዊው ቦርዬ ቫልዲዩስ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ጉልበት ሠራ። ጉልበት ግን ሲታጠፍ በጥቂቱ ይሽከረከራል፣ ይንሸራተታልም፤ በአንድ ዘንግ የታሰረው መሣሪያ ይህን ሁሉ ግፊት አጥንቱ ላይ ስለሚያሳርፈው ከጊዜ በኋላ ይላላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ካናዳዊው ፍራንክ ገንስተን በእንግሊዝ ራይቲንግተን ሆስፒታል፣ የማይተሳሰሩ ቁርጥራጮችን በአጥንት ሲሚንቶ እያጣበቀ ያንን እስራት አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በኒው ዮርክ ጆን ኢንሳል፣ ቺትራንጃን ራናዋትና ፒተር ዎከር የጭኑን አጥንት ጫፍ፣ የቅልጥሙን አጥንት ራስና የጉልበት ሎሚውን የኋላ ገጽ በሙሉ የሚተካውን መሣሪያ አመጡ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚገጠሙት ጉልበቶች ከዚህኛው የተወለዱ ናቸው።

በመድኃኒቱም በኩል ታሪኩ አብሮ ተጉዟል። ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ በሽታ ኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ሰጥቶ በ1950 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ይሁን እንጂ ኮርቲዞን የሚያስከትለው ጉዳት ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። በሽታውን በእርግጥ የለወጡት ከ1980ዎቹ ወዲህ በስፋት የተሠራበት ሜቶትሬክሴትና ከ1998 ጀምሮ የመጡት፣ የመከላከል ሥርዓቱን የተወሰነ ክፍል ለይተው የሚገቱ፣ በመርፌ የሚሰጡ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በወቅቱና በበቂ መጠን በሚሰጡበት ቦታ ሁሉ ለጉልበት ቅየራ የሚደርሱ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎች ቁጥር ቀንሷል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ግን ሁሉም አያስተውለውም፤ ቁጥራቸው ስለቀነሰ ዛሬ ያለ ወጣት ቀዶ ሐኪም በሥልጠናው ዘመን የሚያያቸው እንዲህ ያሉ ጉልበቶች ጥቂት ናቸው፤ የሚያያቸውም ጠንካራ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ነው። ስለዚህ ታካሚው ራሱ ስለ ሁኔታው ማወቁ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ይሠራ የሚለው ነው። ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ቁጣው በመድኃኒት ሳይገታ መቸኮል ነው። ጉልበቱ ያበጠውና የሚያመው ሽፋኑ ስለተቆጣ ብቻ ከሆነ፣ በራጅም ልም አጥንቱ ገና ያልጠፋ ከሆነ፣ መፍትሔው የመድኃኒት ለውጥ እንጂ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ሁለተኛውና እኔ ይበልጥ የምፈራው መዘግየት ነው። በዕድሜ ያለቀ ጉልበት ያለው ሰው ቀዶ ሕክምናውን ሁለትና ሦስት ዓመት ቢያቆየው ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ምቾትን ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ አጥንቱ ይበላል፣ ጅማቱ ይላላል፣ የጭን ጡንቻው ይከሳል፣ ጉልበቱም ታጥፎ ይቀራል። ታጥፎ የቀረ ጉልበት ቀዶ ሕክምናውን ከማክበዱም በላይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ውጤት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው አቅም ጋር የተያያዘ ነው፤ መራመድ ካቆመ ሰው ይልቅ ገና የሚራመድ ሰው የተሻለ ይድናል።

ስለ መታጠፍ ከተነሣ አይቀር አንድ የቤት ውስጥ ልማድ ላንሣ። ያበጠ ጉልበት ሕመሙ የሚቀልለው በመጠኑ ሲታጠፍ ነው፤ በዚህም ምክንያት ታካሚዎች ሲተኙ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ያደርጋሉ፣ አስታማሚዎችም በደግነት ያደርጉላቸዋል። ለአንድ ሌሊት ሲታይ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ለወራት ሲደጋገም ግን ከጉልበቱ ኋላ ያሉት ጅማቶችና የመገጣጠሚያው ከረጢት በዚያው አጥረው ይቀራሉ። ትራስ ካስፈለገ ከቁርጭምጭሚት ሥር ይደረግ፤ ያኔ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይዘረጋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይኸው ይሠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው መገጣጠሚያ ይቅደም የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ በሌሎች የጉልበት ታካሚዎች ዘንድ እምብዛም አይነሣም። ዳሌው፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱና የእግሩ ጣቶች በአንድ ጊዜ የተጎዱበት ሰው አለ። ዳሌው በእጅጉ የተጎዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዳሌው ይቀድማል፤ ለምን ቢሉ የዳሌ ሕመም ራሱ ወደ ጉልበት ይወርዳልና፣ የማይንቀሳቀስ ዳሌ ይዞ አዲስ ጉልበትን ማለማመድም ከባድ ነውና። እግሩ ወደ ውጭ የተጣመመና መሬት ላይ በትክክል የማያርፍ ከሆነም ያ ሁኔታ አዲሱን ጉልበት በየርምጃው ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ወይ ቀደም ብሎ ይስተካከላል፣ ወይ ቢያንስ በተገቢ ጫማ ይደገፋል። እጅና ክርንም ከስሌቱ መውጣት የለባቸውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት የሰውነቱን ክብደት የሚሸከመው በክራንች ላይ ያረፈው እጅ ነው። የእጅ አንጓው የተበላና ጣቶቹ የተጣመሙ ሰው ተራውን ክራንች መጨበጥ አይችልም፤ ክብደቱ በመዳፍ ምትክ በክንድ ላይ የሚያርፍበት መደገፊያ ያስፈልገዋል። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበ ታካሚው ጉልበቱ ተቀይሮለት አልጋ ላይ ይቀራል።

ከዝግጅቱ ሁሉ ማንም ቸል እንዳይለው የምፈልገው አንገትን ነው። ጉልበቱን ሊሠራ የመጣ ሰው አንገትህን ራጅ ተነሣ ሲባል ግር ይለዋል፤ አይፈረድበትም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የራስ ቅልን በሚሸከሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መካከል ያለውን ጅማት ሊያላላ ይችላል። ይህም ለዓመታት ያለ ምንም ሕመም ሊኖር ይችላል፤ የነቃ ሰው የአንገቱ ጡንቻዎች ስለሚይዙለት። በሙሉ ሰመመን ውስጥ ግን ጡንቻው ይለቃል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባትም ራስ ወደ ኋላ ይዘነበላል፤ በዚያች ቅጽበት የላላው አጥንት ተንሸራቶ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በበሽታው የቆየ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንገቱን ወደ ፊት አጎንብሶና ወደ ኋላ ቀና ብሎ ራጅ መነሣት አለበት፤ ቀጥ ብሎ የተነሣው አንድ ምስል ችግሩን ሊደብቀው ይችላል። መንጋጋው በደንብ የማይከፈት ወይም ድምፁ የሻከረ ሰውም ይህን ለሰመመን ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ የመንጋጋና የጉሮሮ ትንንሽ መገጣጠሚያዎችም በዚሁ በሽታ ይያዛሉ። ከተቻለ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው በአከርካሪ የሚሰጥ ማደንዘዣ ይመረጣል፤ ያም ሆኖ የአንገቱ ሁኔታ መታወቁ አይቀርም፣ የአከርካሪው ማደንዘዣ ባይሠራ ወደ ሙሉ ሰመመን መዞር ይመጣልና።

የቀረው ዝግጅት ኢንፌክሽንን ለመከላከል የታለመ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው በተቀየረ ጉልበቱ ላይ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ታካሚ ከፍ ያለ ነው፤ በበሽታው በራሱ፣ በመድኃኒቶቹና በሳሳ ቆዳው ምክንያት። የተበሳ ጥርስና የታመመ ድድ ቀድመው ይታከሙ። የእግር ጣቶች መካከል ያለ ቁስል፣ በተጣመሙ ጣቶች ላይ ጫማ የፈጠረው ቁስል፣ የማይድን የሚመስል ትንሽ ስንጥቅ ሁሉ ቀዶ ሕክምናውን ለማዘግየት በቂ ምክንያት ነው። በዚህ በሽታ የደም ማነስ የተለመደ ስለሆነ ቀድሞ ይመርመር፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ያቁም፤ ማጨስ የቁስልን መዳን ከማዘግየቱም በላይ በሽታውን ራሱን ያባብሳልና። ሕመሙ ስለጠና ብቻ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ባሉት 3 ወራት ውስጥ በዚያው ጉልበት ላይ የስቴሮይድ መርፌ መወጋት የኢንፌክሽን አደጋን ከፍ እንደሚያደርግም መታወቅ አለበት።

ስለ መድኃኒት ጠለቅ ብዬ ልናገር፤ ከታካሚዎች ሁሉ የማይቀረው ጥያቄ ይህ ነውና፣ በዘፈቀደ የሚመለስበትም ጊዜ አለና። የቆየው አስተሳሰብ፣ መድኃኒቶቹ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክሙ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁሉንም ማቆም ይሻላል የሚል ነበር። ለጆሮ ትክክል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከእንግሊዝ የታተመና 388 የሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ግን ይህን አስተሳሰብ ፈተነው። ሜቶትሬክሴት ሳያቋርጡ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የቀዶ ሕክምና ችግር የታየባቸው 2 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካቋረጡት ውስጥ ግን 15 በመቶ ነበሩ፤ ሜቶትሬክሴት ከነጭራሹ በማይወስዱት ላይ ደግሞ 10.5 በመቶ ታየ። ማቆም ከመጥቀም ይልቅ በሽታውን የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና) ኮሌጅና የአሜሪካ የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡትና በ2022 ባደሱት የጋራ መመሪያ እንደ ሜቶትሬክሴት፣ ሰልፋሳላዚን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሌፍሉኖማይድ ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች በቀዶ ሕክምናው ጊዜም እንዲቀጥሉ ይመክራሉ። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው በእርግጥ ለብቻው ይታያል።

ባዮሎጂኮቹ ግን ከዚህ ይለያሉ። የእነርሱ አሠራር ቀዶ ሕክምናውን በመድኃኒቱ ዑደት መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ ማለትም ቀጣዩ መርፌ ሊሰጥ ሲገባው ሳይሰጥ ይቆይና ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል። ከመጨረሻው መርፌ ተቆጥሮ፣ በየሳምንቱ ኢታነርሴፕት የሚወስድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት፣ በየሁለት ሳምንቱ አዳሊሙማብ የሚወስድ በሦስተኛው ሳምንት፣ በየስምንት ሳምንቱ ኢንፍሊክሲማብ የሚወስድ በዘጠነኛው ሳምንት፣ በየስድስት ወሩ ሪቱክሲማብ የሚወስድ ደግሞ በሰባተኛው ወር ይሠራለታል። እንደ ቶፋሲቲኒብና ባሪሲቲኒብ ያሉት የሚዋጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ከቀዶ ሕክምናው 3 ቀን አስቀድሞ ይቆማሉ። የተቋረጠው መድኃኒት የሚመለሰው ቁስሉ መዳን መጀመሩ ሲታይ፣ ስፌቱ ሲወጣ፣ እብጠት፣ መቅላትና የሚወጣ ፈሳሽ ሳይኖር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት አካባቢ ይሆናል። ከዚህ እንደምታዩት የቀዶ ሕክምናው ቀን የሚወሰነው በቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ መዝገብ ብቻ መሆን የለበትም። የሩማቶሎጂ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ ካልተነጋገሩ ታካሚው መካከላቸው ሆኖ መልእክተኛ ይሆናል፤ ይህ በተደጋጋሚ ሲሆን ይታያል፤ መሆን የሌለበት ነገር ነው።

ስቴሮይድን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚቀንሱ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል፤ የቀዶ ሕክምናውም ቀን ጠዋት የተለመደው መጠን ይወሰዳል። በሌላ በኩል መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው ስለሚጨምር፣ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ባሉት ወራት በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ የሚቀነስበትን መንገድ መፈለግ ተገቢ ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ልለፍ። ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል። ቀዶ ሐኪሙ ጉልበቱን ከፊት ለፊት ከፍቶ የተቆጣውን ሽፋን ይጠርጋል፣ የጭኑን አጥንት ጫፍና የቅልጥሙን ራስ በመመሪያ መሣሪያ ልክ ይቆርጣል፤ በጭኑ በኩል የኮባልትና የክሮሚየም ቅልቅል ብረት፣ በቅልጥሙ በኩል የብረት ሰሌዳ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ፖሊኢትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገጥማል። አጥንቱ የሳሳ ስለሆነ ብዙዎቹ ሐኪሞች በሲሚንቶ ማጣበቅን ይመርጣሉ። የጉልበት ሎሚውን የኋላ ገጽ መቀየር በሌሎች ታካሚዎች ላይ አከራካሪ ቢሆንም በዚህ በሽታ ግን ይቀየር የሚለው ሐሳብ ያመዝናል፤ የተረፈ ልም አጥንት ለቁጣው መቀጠያ ይሆናል ተብሎ ስለሚታሰብ። የኋለኛውን መስቀለኛ ጅማት ማስቀረት ወይስ በመሣሪያው መተካት በሚለው ላይ ግን ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ፣ በሽታው ያላላው ጅማት ከዓመታት በኋላ ሊለቅ ስለሚችል፣ መተካቱን ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ ጅማቱን አስቀርተው መልካም ውጤት ያገኙ ሐኪሞችም አሉ። ወደ ውስጥ የተጣመመና ታጥፎ የቀረ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሲቀና ከጉልበቱ ውጭ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ሊለጠጥና የእግሩ ፊት ወደ ላይ መነሣት ሊያቅተው እንደሚችል ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አብዛኛው ታካሚ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቆማል። ደም እንዳይረጋ ማቅጠኛ ይሰጠዋል። የፊዚዮቴራፒው ዓላማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱን እስከ መጨረሻ መዘርጋትና የጭን ጡንቻን መመለስ ነው፤ ማጠፉ ቀስ በቀስ ይመጣል። እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ መሻሻሉም እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። በዚህ መካከል ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ በሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ላይ በሽታው ሊቀሰቀስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ከታካሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ውስጥ እንዲህ ዓይነት መቀስቀስ አጋጥሟቸዋል፤ ይበልጥ የተጋለጡትም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሽታቸው ያልተረጋጋ ሰዎች ነበሩ። መቀስቀሱ ቀዶ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለሩማቶሎጂ ሐኪሙ ወዲያው መነገር አለበት፤ የሚያመው እጅ የጉልበቱን ልምምድ ያስተጓጉላልና።

አሁን የምናገረውን ግን እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። የተቀየረው ጉልበት ራሱ፣ ከሳምንታትም ሆነ ከዓመታት በኋላ፣ በድንገት ቢሞቅ፣ ቢያብጥ፣ ቢያም፣ በሽታዬ ተቀስቅሶ ነው ብሎ መገመት አደገኛ ነው። ይህ ግምት ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ቅርብ ነው፤ ሰውየው ለዓመታት መገጣጠሚያው ሲሞቅና ሲያብጥ የኖረ ስለሆነ። ስቴሮይድና ሌሎቹ መድኃኒቶች ትኩሳቱን ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ የደም ምርመራው የቁጣ መጠን ከፍ ብሎ ቢገኝም በዚህ በሽታ ቀድሞም ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻውን አያስረዳም። ባክቴሪያ ከእግር ቁስል፣ ከሽንት ቧንቧ ወይም ከጥርስ ተነሥቶ በደም ወደ ብረቱ ሊደርስ ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ከጉልበቱ ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ተቆጥሮና ባክቴሪያው በላቦራቶሪ አድጎ ሲታይ ነው። ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት አንቲባዮቲክ መዋጥ ምርመራውን ያበላሸዋል፤ ባክቴሪያው ሳይሞት ይደበቃል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ምልክቱ ከጀመረ 3 ሳምንት ያልሞላው ኢንፌክሽን ጉልበቱን ከፍቶ በማጠብ፣ ፕላስቲኩን በመቀየርና አንቲባዮቲክ በመስጠት ብረቱን ማትረፍ ይቻል ይሆናል። የቆየ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር ይወጣል፤ በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ከዚያ በሌላ ቀዶ ሕክምና አዲስ ጉልበት ይገጠማል። በሳሳ አጥንት ላይ ይህን ሁለት ጊዜ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ለስንት ዓመት ያገለግላል የሚለውም ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ አገር አቀፍ የቀዶ ሕክምና መዝገቦችን ያሰባሰበ ጥናት ከ100 የተቀየሩ ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። በጥናቱ ውስጥ የሚበዙት በዕድሜ ጉልበታቸው ያለቀ ሰዎች ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ባነሰ ዕድሜ ቀዶ ሕክምናው ስለሚደረግለት ከፊቱ ያለው ዘመን ይረዝማል፤ በአንጻሩ ጉልበቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ያነሰ ነው። ለዚህ ታካሚ ዋነኛው ስጋት የመሣሪያው ማለቅ ሳይሆን ኢንፌክሽኑና በብረቱ ዙሪያ ያለው የሳሳ አጥንት መሰበር ነው። የአጥንት መሳሳትን መርምሮ ማከም የጉልበት ሕክምናው አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሕመም መቀነሱን በተመለከተ ውጤቱ እጅግ መልካም ነው፤ በእግር ርቀት መሄድና ደረጃ መውጣት ግን በሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ስለሚወሰን ከጎረቤቱ ጉልበት ጋር ማወዳደር አይጠቅምም።

በመጨረሻ የቀረኝ ሁለቱም ጉልበቶች በአንድ ቀን ይሠሩ ወይ የሚለው ነው። በሌሎች ታካሚዎች ላይ አንዱን ሠርቶ ሌላውን ማቆየት ይቀላል። ሁለቱም ጉልበቶቹ ታጥፈው የቀሩ ሰው ግን አንዱ ብቻ ከቀናለት፣ ያልተሠራው እግር እንደታጠፈ ስለሚያጥር አዲሱንም ጉልበት አጥፎ ለመቆም ይገደዳል፤ የተገኘው መዘርጋትም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ልቡና ሳንባው ከፈቀዱ፣ የደም ማነሱ ከታከመ፣ በአንድ ሰመመን ሁለቱንም መሥራት ወይም በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ማከታተል ለእንዲህ ያለው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ልብ ወይም ሳንባ በበሽታው የተነካበት ሰው ላይ ግን የሁለቱን ሸክም በአንድ ቀን መጫን አይገባም፤ ለእርሱ ይበልጥ የታጠፈው ጉልበት ይቀድማል፣ ሁለተኛው እስኪሠራ ድረስም የአጭሩ እግር ጫማ ከፍ ይደረግለትና አዲሱ ጉልበት እንደተዘረጋ ይጠበቅለታል።